ስም ያልወጣላት የስንሻው ልጅ

በአንድ ወቅት፣ ሰው «ደኅና አደርክ?» ሲባል «ምን ፈልጎ ነው?» ብሎ ዞሮ በሚያይበት በጨረቻ መንደር፣ ስንሻውና ዝማም የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። የጨረቻ ሰው ዶሮው እንቁላል ስትጥል እንኳ መጀመሪያ የማን እንደሆነ ይጠይቃታል። እኔም እዚያው ስለተወለድኩ እናቴ እስከ ዛሬ ጠርጠር አድርጋ ነው የምታየኝ።

ባልና ሚስቱ ሁለት ልጆች ቀብረዋል። ሁለቱም ስም በወጣላቸው በወራቸው ነው የሞቱት። ስለዚህ ሦስተኛዋ ስትወለድ ስንሻው፣ ክፉ ነገር ማን ብሎ ይጠራታል በሚል ስም ከለከላት። የክርስትና ስሟን ቄሱ ያውቁታል፤ እሳቸውም ጮክ ብለው እንዳይጠሩት ተለምነዋል። እኛ «ያቺ» እንላታለን።

በአምስት ወሯ የያቺ ዓይን ቢጫ ሆነ። መንደሩ በአንድ ድምፅ «የወፍ በሽታ ነው፤ ወፍ በላይዋ በርራባት ነው» አለ። ሦስት ቀን ወፍ ስንወግር ዋልን። ቁራ እንኳ ጨረቻን ትቶ በሌላ ወረዳ ዞሮ ማለፍ ጀመረ። መድኃኒት አዋቂዋ እማማ ጠጅቱ ቅጠል ጨምቀው በቅል ሰጡ። ልጅቷ ግን ከቢጫነቷ ሌላ እያደር ነጣች። ያን ጊዜ ስንሻው ደጅ ወጥቶ፣ ሁላችንም እየሰማን፣ «ይህቺን ልጅ ከሞት ያስጣለልኝ ሰው ስሟን እሱ ያውጣ፤ እኔም እስክሞት በዚያው እጠራታለሁ» አለ።

ዝማም ሁለት ወንድሞችና አንዲት እህት አሏት።

የመጀመሪያው አንዳርጌ ነው። በተጠራጣሪ አገር «ተጠራጣሪው» ተብሎ የሚጠራ ሰው ምን እንደሚመስል አስቡት፤ ጥላው ከኋላው እንዲሄድ አይፈቅድም። የያቺን የሽንት ጨርቅ ከእናቷ እጅ ወስዶ ፀሐይ ላይ ዘረጋው፤ የጌሾ ውኃ መስሏል። መዳፏን ገለጠ፤ ደም የሚባል የለበትም። «ዓይኗንስ ወፍ ቢጫ አደረገችው እንበል፤ ደሟን ማን ጠጣው?» ብሎ ጠየቀ። የሞቱትም ሁለቱ ከዚያው ቅል ጠጥተው እንደነበር ትዝ አለው። ቅሉን አንስቶ ምሰሶው ላይ ፈጠፈጠው። እማማ ጠጅቱ ረገሙት፤ ስንሻው በዱላ ሁለት ጥርሱን አረገፈው። አንዳርጌ ደሙን ተፍቶ፣ «እንግዲህ ሌላ መድኃኒት የላችሁም፤ ሐኪም ቤት ውሰዷት» አለ።

ሁለተኛው ጥጋቡ ነው። በጨረቻ ሰው የሚያምነው እሱ ብቻ ነው፤ በዚህም ቤተሰቡ ሲያፍርበት ኖሯል። ያቺን አዝሎ፣ ዝማምን አስከትሎ፣ የቀን መንገዱን በግማሽ ቀን ጨረሰው። ጥላው ከተማ የገባው በማግስቱ ነው ይላሉ። ከተማው ሆስፒታል ውስጥ ዶክተር ሰብለ የምትባል የሕፃናት ሐኪም ተቀበለቻቸው። ደም ያስፈልጋታል ተባለ። የጥጋቡ ተመረመረ፣ አልስማማ አለ። የተቀመጠውም ደም፣ የነርሶቹም፣ የበሩ ዘበኛም ሳይቀር ተሞከረ፤ ሁሉም አልስማማ አለ።

ሐኪሟ ቁጭ ብላ አስረዳቻቸው። በሰው ሰውነት ውስጥ በሽታ ሲገባ የሚዋጉ ዘበኞች አሉ። የዚህች ልጅ ዘበኞች ግን የገዛ ጉበቷንና የገዛ ደሟን ሌባ ነው ብለው እየወጉት ነው። የሌላ ሰው ደም ቢገባም ይጠረጥሩታል። በሕፃን ላይ እምብዛም አይታይም አለች። እኔ በበኩሌ ስሰማ አልገረመኝም፤ የጨረቻ ልጅ ደሟ ካልተጠራጠረ የማን ሊጠራጠር ነው?

ከማይስማሙት መሐል የሚሻለውን ደም በጠብታ እየሰጡ፣ ዘበኞቹን የሚያበርድ መድኃኒት ለመጀመር ፊርማ ተጠየቀ። ሊያድናትም ሊጎዳትም ይችላል፤ ያለዚያ ግን ሁለት ቀን አትቆይም ተባለ። ዝማም «አልስማማም ያለውን ደም? ያለ ባሌ ጣቴን አላሳርፍም» አለች። ባሏ ጨረቻ ነው፤ ጨረቻ ደግሞ ስልክ አይገባም።

«አባቷስ?» አለች ሐኪሟ።

«እኔ ነኝ» አለ ጥጋቡ፤ አውራ ጣቱንም ወረቀቱ ላይ ተጫነ። ዝማም መሬት መሬት አየች። ደሙ ገባ፤ በሦስተኛው ቀን ያቺ ሆስፒታሉን በለቅሶ አናወጠችው።

ሦስተኛዋ ታናሽ እህታቸው እናኑ ናት። ያቺ ወደ ቤት ስትመለስ ክኒን በቆርቆሮ ተሰጥቷት ነበር፤ በየቀኑ እየተፈጨ የሚሰጥ፣ በድንገት የማይቋረጥ፣ ሐኪሟ ራሷ ቀስ በቀስ የምትቀንሰው። በሁለት ወር ጉንጯ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ። መድኃኒቱ ያመጣው እብጠት ነው፣ ኋላ ይጎድላል ተብሎ ነበር። እኛ ግን ዓይኗን ለማየት ጉንጯን በእጃችን ገለጥ እናደርግ ጀመር። ስንሻው ተጨነቀ። ስም የሌላት ልጅ እንዲህ ከወፈረች የሰው ዓይን መች ያስቀራታል? እንድትከሳ ብሎ ክኒኑን አስቆመ፤ ቆርቆሮውንም የጣሪያው ሣር ውስጥ ሰካው።

በስድስተኛው ቀን የዓይኗ ጥግ ቢጫ አለ። ያየችው እናኑ ናት። ክኒኑን ሰረቀች፤ ቆርቆሮው ሲነቀነቅ እንዲንሿሿ በቦታው ቦሎቄ ሞላችበት። በየጠዋቱ ያቺን አዝላ ትወጣና ክኒኑን በወተት ትሰጣታለች። በየወሩ የከተማ ገበያ ሄድኩ እያለች ሐኪሟ ዘንድ ትወስዳታለች። ስንሻው ጠርጥሮ «መድኃኒት እየሰጠሻት እንዳይሆን፤ ማይ በማርያም» አላት። ማለች። እጮኛዋም ወር በወር የት ነው የምትሄጂው ብሎ ጠረጠራት፤ ብትነግረው ለስንሻው ይነግርባታል። ምስጢሩን ጠበቀች፤ እጮኝነቱ ፈረሰ።

ዓመት አለፈ። የያቺ ጉንጭ ጎደለ፣ ዓይኗ ጠራ፣ ቆማ ሄደች። በዚያ ክረምት ጣሪያው አፈሰሰ፤ አንድ ጠዋት ስንሻው ቀና ሲል ክኒኑ በቅሎ፣ ሐረግ ሠርቶ፣ በምሰሶው እየወረደ ነው። ነገሩ ሁሉ የወጣው ያን ዕለት ነው።

መንደሩ ተሰበሰበ። አንዱ፣ ስም ማውጣቱን ለሐኪሟ እንስጣት አለ። ሐኪሟ ግን ቀድማ በእናኑ በኩል ልካለች፦ ላከምኳቸው ሁሉ ስም ሳወጣ ብውል መድኃኒቱን ማን ይሰጣል?

አንዳርጌ «ጠርጥሪ ትባል» አለ፤ በሌሉት ጥርሶቹ መሐል ነፋስ እያለፈ። «ቅሉ ባይሰበር ዛሬ ሦስተኛ መቃብር ነበር።»

ጥጋቡ «እመኚ ትባል» አለ። «አባቷ ነኝ ባልል ደሙ አይገባም ነበር።» ስንሻው ይህን ሲሰማ የጥጋቡን አፍንጫና የያቺን አፍንጫ እያፈራረቀ አየ።

እናኑ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «ቆዪ ትባል» አለች። «በማርያም ስም በውሸት ምያለሁ። እሱን እኔ እሸከመዋለሁ፤ ስሙን ስጡኝ።»

ስንሻው የገባው ቃል አንድ፣ ጠያቂው ሦስት ሆነበት። ሽማግሌዎቹ ጢማቸውን እያሻሹ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ፤ ማን ማንን እንዳባበለ እየጠረጠሩ ነው። ያቺም በመሐላቸው እየተንገዳገደች ሄዳ ሄዳ የሦስቱ እግር ፊት ስትደርስ ቆመች። እስከ ዛሬ ስም የላትም፤ ክኒኗም ገና አላለቀም።

እናንተ እንግዲህ ከሦስቱ የማን ዘመድ እንደሆናችሁ አስቀድማችሁ ንገሩኝና፣ ከዚያ ፍረዱ፦ ስሟን ማን ያውጣ?