ቀናተኛው ቋጥኝ

ከመንደራችን በስተምሥራቅ፣ ከኮረብታው ወገብ ላይ፣ ቀናተኛው የሚባል ጥቁር ቋጥኝ አለ። የማዶ ሰዎች «የእኛ ነው» ይላሉ፤ ይበሉ፣ የራሱ የሌለው የሰው ያምረዋል! ቋጥኙ ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደ ቀይ መስመር ይታያል፤ በመንደራችን የሚያገባ ወንድ ሁሉ ከሠርጉ በፊት መዶሻ ይዞ እዚያ ይወጣል። ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው ይላሉ አባቶች።

በድሮ ዘመን ይርዳው የሚባል ቀጥቃጭ ነበር፤ ለማረሻና ለማጭድ እጁ የተባረከ፣ ሚስቱ አትጠገብ ከሰው ጋር ሁለት ቃል ከተለዋወጠች ግን እሳት ጎርሶ እሳት ለብሶ የሚውል። አትጠገብ ከእናቷ የወረሰችው የብር አምባር ነበራት። አንድ የገበያ ቀን ገላጋይ የሚባለው አንጥረኛ አምባሩን ሲወለውልላት አንድ ነገር ብሏት ሳቀች፤ ይርዳው ከማረሻዎቹ ጀርባ ሆኖ አየ። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ አለው። ገላጋይ እኮ ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ ነበር አሉ! ቅናት ግን ዕድሜ አይጠይቅም።

እንደሚነገረው ያ ቋጥኝ ብረት ሲያገኝ ይይዛል፤ ብርና ናስ ቢያስነኩት ግን ዞሮም አያያቸው። ይህን ይርዳው ብቻ ያውቅ ነበር፤ ከሰል ሊያከስል ወጥቶ መዶሻው ተለጥፎበት ያየውን ለማንም አልተነፈሰም። ስለዚህ «አምባርሽ ተጣሟል፣ ላቃናልሽ» ብሎ ተቀበላት፤ ብሩን አቅልጦ እንደ ቅጠል አሳሳውና በብረት አምባር ላይ አለበሰው፤ መልሶም ሰጣት። ቀጥሎም ቋጥኙ የወሰለተችን ሴት እጅ ይይዛል የሚል ወሬ ነዛ። ወሬው ሲበስል ሽማግሌዎችን ሰብስቦ፣

«ሚስቴን ፈትኑልኝ፤ ከያዛት ልጆቼን ለእኔ ትታ ባዶ እጇን ትሂድ» አለ።

ሕዝቡ ቋጥኙ ዘንድ ወጣ፤ አትጠገብ እጇን ስትዘረጋ አምባሩ ቀጭ ብሎ ተለጠፈ። ሕዝቡ «ወይ ጉድ!» አለ፤ እናቶች ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። እሷ ግን ሰሞኑን ልብስ ባጠበች ቁጥር አምባሩ እጇ ላይ ቀይ ዝገት ሲተው ታዝባ ኖሮ፣ ብር እንደማይዝግ ትዝ አላት። እጇን ቀስ ብላ ከአምባሩ አወጣች፤ አምባሩ ብቻውን ተለጥፎ ቀረ። ባዶ እጇን መልሳ ቋጥኙ ላይ አሳረፈች፤ አልያዛትም።

«አባቶቼ፣ እስቲ የባሌን መዶሻ አቀብሉኝ» አለች። ተቀብላ ብታስነካው እሱም ቀጭ አለ።

«እንግዲህ ንገረኝ ይርዳው፣ መዶሻህስ ከማን ጋር ወሰለተ?»

ሳቁ እስከ ማዶ ተሰማ ይባላል። ይርዳው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። «ቀናሁ፤ ቅናት አነደደኝ» አለ። ሽማግሌዎቹም «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው፣ በራሷ አሳጠረች» ብለው ልጆቹን ለእሷ ፈረዱ። እርቅ ሲለምናት «የእናቴን አምባር እንደ ጥንቱ አድርገህ አምጣልኝ፣ የዚያን ቀን እመለሳለሁ» አለችው። እሱ ደግሞ ብረት ቀጥቃጭ ነው፤ በአገሩ እንዲያ ያለ አምባር የሚሠራ ሰው አንድ ገላጋይ ብቻ ነበር። ይርዳው ሦስት ጊዜ እስከ ገላጋይ ደጃፍ ሄደ፤ ሦስቱንም ጊዜ የሚስቱ ሳቅ ትዝ እያለው ሳያንኳኳ ተመለሰ። አትጠገብም አልተመለሰችም።

አምባሩ እዚያው ቋጥኙ ላይ ክረምት በላው፤ ብሩ ተላጠ፣ ብረቱ ዝጎ ወረደ፣ ቀዩ መስመር የዚያ ነው አሉ። ዛሬም የሚያገባ ወንድ መዶሻውን ሲያስነካ ሴቶቹ «ከማን ጋር ወሰለተ?» ይሉታል፤ እሱም «ቅናቱ የእኔ ነው» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ እጮኛውን ራሱ ወደ አንጥረኛ ቤት ይወስዳታል፤ አንጥረኛው አምባሩን አጥልቆላት እስኪያስቃት ድረስም ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።