ጉምና የእንኮዬ ጃርት ተማሪዎች

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ አፉ አላርፍ ያለው ለጊዜው ይክደነው።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃም ጉምም አፍ በነበራቸው ዘመን፣ እንኮዬ ጃርት የምትባል ምላሰኛ አስተማሪ ነበረች። መንገደኛ ጥሎት በሄደ ኮምፓስና ራሷ ብራና ላይ በሣለችው ካርታ የጫካውን ልጆች አቅጣጫ ታስተምራለች። ከጀርባዋ እሾህ እየነቀለች ብዕር ትሰጣቸውና ያዩትን ቅጠል፣ ያዩትን ወፍ፣ ያዩትን ጉንዳን በየብራናቸው ይሥላሉ።

ይህ ለአያ ዝንጀሮ አልተዋጠለትም።

"እኛ ያደግነው 'ገደሉ በቀኝ ነው' እየተባልን ነው። ማን ጠፋ?" አለ።

"የጠፋውማ በምን አፉ መጥቶ ይንገርህ?" አለችው።

ነገሩ ለሸንጎ ቀረበ። ልጆቹ ብቻቸውን በገደሉ አፋፍ አልፈው በሰሜን ያለው ምንጭ ደርሰው ይመለሱ፣ ከተሳሳቱ ትምህርቱ ይዘጋ ተባለ። እንኮዬ ጃርት ከኋላ ትከተል፣ ነገር ግን ትንፍሽ እንዳትል። ለእሷ ከዚህ የባሰ ቅጣት አልነበረም፤ ቢሆንም ቃሏን ሰጠች።

ጉም ይህን ሰማ። ተራራ የምውጠውን እኔን ሕፃን ሊያልፈኝ ነው? ብሎ አደባ።

ልጆቹ በጠራ ሰማይ፣ ኮምፓሱንና ካርታውን ይዘው፣ እየሣሉ፣ ወደ ሰሜን ሄደው ምንጩ ደረሱ። ሊመለሱ ሲነሡ ጉም ወረደ።

መጀመሪያ ተራራውን ዋጠው። ልጆቹ ቤታቸው በየት በኩል እንደሆነ ኮምፓሱን ጠየቁት።

"ቤታችሁን አላውቅም፤ እኔ የማውቀው ሰሜንን ነው" አለ።

"እንግዲያው ሰሜንን ጀርባችን ላይ እናድርገው" አለች የሚዳቋ ልጅ። ሄዱ።

ቀጥሎ ጉም ዛፉን ሁሉ ዋጠና አንዲት ወይራ ብቻ አስቀረላቸው። የመንገዳችሁ ወይራ ይህችው ናት፣ እዚህ ጋ ታጠፉ አላቸው። ልጆቹ ሥዕላቸውን ዘረጉ። እነሱ የሣሏት ወይራ ግንዷ የተሰነጠቀ፣ ሥሯ የጉንዳን ቤት ነው፤ ይህችኛዋ ድፍን ናት። አለፏት።

በሦስተኛው ጉም የገዛ እግራቸውን ሸፈነባቸውና የአያ ዝንጀሮ ልጅ ጆሮ ሥር ተንሾካሾከ፦

"አባትህ ገደሉ በቀኝ ነው አላለህም? ወደ ግራ ውሰዳቸው።"

ልጁ አባቱን አምኖ ወደ ግራ ተራመደ። የእንኮዬ ጃርት እሾህ በሙሉ ቆመ። አንድ እርምጃ ቢጨምር ሸንጎውም ቃሌም ገደል ይግቡ ብላ ልትጮኽ አፏን ስትከፍት፣ የሚዳቋ ልጅ ካርታውን ገለጠች። ካርታውም ተናገረ፦

"እኔ ላይ ገደሉ በምሥራቅ ነው። ብትሄዱም በምሥራቅ፣ ብትመለሱም በምሥራቅ።"

የዝንጀሮ ልጅ እግሩን እንዳነሣ ቀረ።

"ስንሄድ ምሥራቅ በቀኛችን ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "አሁን ግን ፊታችንን አዙረናል። አባቴ የመሄጃውን ብቻ ነው የነገረኝ።"

ድንጋይ አንሥቶ ወደ ግራ ወረወረ። ድምፁ ቆይቶ፣ ከታች፣ ከሩቅ ተሰማ።

ጉም አፍሮ ሽቅብ ወጣ።

ልጆቹ ቤት ሲደርሱ አያ ዝንጀሮ ልጁን አቅፎ ማን እንደመራቸው ጠየቀ። እኛው ነን አሉት። ከዚያ ሁሉም ወደ እንኮዬ ጃርት ዞረ፤ ያን ሁሉ ያፈነችውን ነገር አሁን ታወርድበታለች ብለው ጠበቁ።

"እኔ ከሁሉም ኋላ ነበርኩ" አለች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ። ከዚያ ወዲህ ያን ያህል አጭር ንግግር ከእሷ የሰማ የለም።

እናንተም ልጆቻችሁ ቀድመዋችሁ ሲሄዱ አትደንግጡ። ያስተማራችኋቸው ለዚያ ነው፤ ከኋላ ሆናችሁ ኩሩ።