ድንኳን ሰፊውና የመኪናው ወንበር ልብስ

አንዲት ሴት ነበረች፤ በገዛ መቀሷ ያበላሸችውን ሥራ በአንድ ሽማግሌ ላይ ያላከከች። ሴትየዋ እኔ ነኝ። ትርሲት፣ «ሰው ፊት ያዋረድኩትን የሥራ ባልደረባዬን ለብቻው ጠርቼ ይቅርታ ብጠይቀው አይበቃም ወይ?» ብለሽ በደብዳቤ ጠይቀሽኛል። መልሴ የዚህች ሴት ታሪክ ነው። እንደ ሌላ ሰው ካላወራኋት ግን መሐል ላይ እንዳላቋርጥ እፈራለሁና፣ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ አድምጪኝ።

ሴትየዋና ባሏ አንድ አሮጌ መኪና ገዙ። ሞተሩ ደህና ነበር። ወንበሮቹ ግን ተቀዳደው፣ ውስጣቸው ያለው ቢጫ ስፖንጅ እየተፈረፈረ በሰው ልብስ ላይ ይቀር ነበር። አንድ እሑድ ጎረቤቷን እትዬ አመለወርቅን ከቤተ ክርስቲያን አሳፍራ ስትመጣ፣ እትዬ አመለወርቅ በራቸው ላይ ወርደው ነጠላቸውን እያራገፉ፣ «አንቺ ልጅ፣ ነጠላዬ ላይ ሽሮ ነፋሽበት እንዴ?» አሉ። መንገድ ላይ የነበረው ሁሉ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች። መሳቂያ መሆን ግን የማትችል ሴት ነበረች።

ወንበር የሚያለብሱ ቤቶች የጠሩት ዋጋ ከአቅሟ በላይ ሆነባት። «ምን ያቅታል? ራሴ እሠራዋለሁ» አለች፤ ለጎረቤቱም ሁሉ አወራች። ሌሎች እንዴት እንደሚሠሩት በስልኳ አየች። ባሏ ወንበሮቹን ፈትቶ ግቢ ውስጥ ደረደረላት። ጥቁር ቀይ ሰው ሠራሽ ቆዳ ገዛች። ከዚያ የድሮውን ልብስ ስፌቱን እየተረተረች መለያየት ሲገባት፣ ቸኮለችና የስፌቱን መስመር ተከትላ በመቀስ ቆራረጠችው። ቁራጮቹን አዲሱ ቆዳ ላይ አንጥፋ፣ ዙሪያቸውን በጠመኔ አሰመረች፤ መስመሩንም ሳታልፍ ልክክ አድርጋ ቆረጠች። ሲሰፋ ወደ ውስጥ የሚገባ፣ ጣት የሚያህል ጠርዝ መተው እንዳለባት አላወቀችም።

ለመስፋት ስትቀመጥ የቤቷ ማሽን በተከታታይ መርፌ ሰበረባት። ወንበር አልባሾቹ ዘንድ ብትመለስ «እኛ ያልቆረጥነውን አንሰፋም» አሏት።

በሰፈሩ ግን ለእድሮች ድንኳን የሚሰፉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የሸራ ማሽናቸው ወፍራም ነገር አይፈራም። ከጎረቤት ጋርም ዋጋ አይነጋገሩም፤ «የፈቀድሽውን» ይላሉ። ሴትየዋ ይህን ስትሰማ ደስ ብሏት ቁራጮቹን ጠቅልላ ሄደች።

ሽማግሌው ቁራጮቹን አንድ በአንድ ጠርዛቸውን በጣታቸው ዳበሱ።

«ልጄ፣ ለስፌቱ የሚገባው የታለ?»

«የምን የሚገባ?»

«ይኼ ልኩን ነው የተቆረጠው። መርፌ ሲበላው ይጠብብሻል። ሁለት ቀን ስጪኝና ዙሪያውን ትርፍ ልቀጥልበት። እኔ ዘንድ የሚሆን ቁራጭ አይጠፋም።»

ሴትየዋ ነገሩ አልገባትም። አልገባኝም ማለት ደግሞ አልፈለገችም። «ጋሼ፣ እኔ በደንብ ለክቼዋለሁ። እርስዎ ዝም ብለው ይስፉልኝ» አለች።

ሽማግሌው፣ «እሺ፣ የባለቤቱ ቃል ነው» አሉና ሰፉላት። ስፌቱ እንደ ክር መስመር የቀና ነበር። እሷም ትንሽ ነገር ሰጠቻቸው፤ ሳያዩ ኪሳቸው ከተቱት።

ወንበሩ በሚለብስበት ቀን ጎረቤቱ መጣ። እትዬ አመለወርቅ በርጩማ ይዘው መጥተው ፊት ለፊት ተቀመጡ። የሰፈሩ እድር ዕቃ ቤት ኃላፊም በዚያ ሲያልፍ ገብቶ ቆመ። ባሏ ልብሱን ከላይ አጠለቀው፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ሳበ፤ አልወርድ አለ። እሷም ከታች ይዛ ሳበች።

«ኧረ ቀስ! ይቀደዳል!» አላት ባሏ።

ተቀደደም።

«እንግዲህ ወንበሩን ማክሳት ነው» አሉ እትዬ አመለወርቅ። ግቢው በሳቅ ተሞላ።

በዚያች ሰዓት የሽማግሌው ቃል በጆሮዋ መጣ፤ አሁን በሚገባ ገባት። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። አፏን ከፍታ ግን፣ «እኔ ምን ላድርግ! እሳቸው አጥብበው ሰፉብኝ። የድንኳን ሰው ስለ ወንበር ምን ያውቃል?» አለች። ሳቁ ቀነሰ። ሳቁ ሲቀንስ ደስ አላት፤ ጨርሶ እንዲቆም ስትል፣ «ደግሞስ ከጨርቄ ሳያስቀሩ ቀርተው ነው? እኔ የሰጠኋቸው ይኼ ብቻ አልነበረም» ብላ ጨመረች።

ሳቁ ቆመ። በልብስ ሰፊ ላይ ከዚህ የሚከፋ ቃል የለም።

በወሩ የእድር ስብሰባ ተደረገ። እድሩ ትልቅ ድንኳን ሊያሰፋ ሸራ ገዝቶ ነበር፤ ሥራው እንደ ወትሮው ለሽማግሌው ሊሰጥ ነበር። የዕቃ ቤት ኃላፊው ተነሣና፣ «ስም አላነሳም፤ ግን ጨርቅ ይጎድላል የሚባል ነገር ሰምቻለሁ። የሕዝብ ንብረት ስለሆነ ብንጠነቀቅ» አለ። ሽማግሌው ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው አደረጉና ወጡ። ሸራው ለሌላ ሰፊ ተሰጠ። ሴትየዋ እዚያው ነበረች። ጫማዋን ስታይ ቆየች።

ከዚያ ወዲያ ምግብ አልበላ አላት። አንድ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ቤት ሄዳ እግራቸው ላይ ወደቀች። አነሷት፤ ወንበር ሰጧት።

«ጋሼ፣ ዋሽቼብዎታለሁ። ከጨርቁ ምንም አልወሰዱም። ያበላሸሁትም እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔ ይቅር ብዬሻለሁ» አሉ። «ግን ልጄ፣ ለእኔ ምን አዲስ ነገር ነገርሽኝ? አለመውሰዴን እኔም አውቃለሁ፤ አንቺም ታውቂያለሽ። የማያውቁት እነሱ ናቸው። ለእነሱ ንገሪልኝ።»

«በሚቀጥለው ስብሰባ እናገራለሁ» ብላ ማለችላቸው።

የሚቀጥለው ስብሰባ ደረሰ። ሽማግሌው ከኋላ ረድፍ ተቀምጠው ነበር፤ የመጡት ለዚያ ቃል ብለው ነው። ሴትየዋ እጇን አወጣች። «እሺ እህታችን» ተባለች። ተነሣች። ያ ሁሉ ፊት ወደ እሷ ዞረ። እትዬ አመለወርቅ ገና ከአሁኑ ፈገግ ብለዋል። ሴትየዋ፣ «ለሐዘን ቤት የምናከራየው ወንበር አንሷል፤ ቢታሰብበት» ብላ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌውን እድሩ ውስጥ ያየ የለም። ሌሎቹም እድሮች ወሬውን ሰምተው ሥራ ነፈጓቸው። በዓመቱ ማሽናቸውን በጋሪ አስጭነው ሴት ልጃቸው ወዳለችበት ከተማ ሄዱ።

እንግዲህ ትርሲት፣ ይህ አንቺን ይመለከታል። ያቺ ሴት ይቅርታዋን እንደ ጨርቁ ለራሷ ልክ ቆረጠችው። የሚያሳፍራትን ያህል ሳይሆን የሚቀልላትን ያህል ብቻ ተናገረች፤ ለተበደለው ሰው ስም የሚተርፍ ምንም አልተወችለትም። አንቺም ባልደረባሽን ለብቻው ጠርተሽ ብታለቅሺ ቀሎሽ ትወጫለሽ፤ እሱ ግን ነገ ጠዋት የሚገባው ያዋረድሽበትን ቃል የሰሙት ሰዎች ወደተቀመጡበት ቢሮ ነው። እነሱ ፊት ተናገሪ። ገና ሁሉም በአንድ ክፍል ውስጥ ሳሉ ተናገሪ። የእኔዎቹ ሰሚዎች ተበትነዋል፤ ሰፈሩም ፈርሶ በየአቅጣጫው ሄደዋል፤ አንዳንዶቹም በሕይወት የሉም። ልቀሚያቸው ብትይኝ ልለቅማቸው አልችልም። ለዚህ ነው ለአንቺ ብቻ መመለስ ሲበቃኝ ለሚያነብ ሁሉ የጻፍኩት።

የሽማግሌው ስም አቶ እንግዳወርቅ ይባላል። ከጨርቄ አንዲት ቁራጭ አልወሰዱም። ልብሱ የጠበበው እኔ ተሳስቼ ስለቆረጥኩት ነው፤ እሳቸውም አስቀድመው ነግረውኝ ነበር። ይህን ማለት የነበረብኝ ያኔ፣ እሳቸው ተቀምጠው በሚሰሙበት ነበር።

ይህን የምታነቡ፣ እባካችሁ ይቅር በሉኝ።