እንቅብ ስር የሚገባው ጫጩት

ተረት ተረት፣ ዶሮ ከነልጆቿ በእንቅብ ቤት!

አንድ ጫጩት ነበር። ጭልፊት እህቱን ከአጠገቡ ከወሰደችበት ቀን ጀምሮ ጥላ ባየ ቁጥር እየጮኸ፣ አንድ ጎኑ በድንጋይ ቀና ብሎ ከተደፋው እንቅብ ስር ይገባል። ደመና ሲያልፍ ይገባል፤ ቢራቢሮ ስትበር ይገባል፤ አንዴማ የገዛ ጥላውን አይቶ ገባ።

አባቱ አውራ ዶሮ ደረቱን ነፍቶ፣ «ወንድ ልጅ አይፈራም! ጭልፊቷ እንደሆነች ሄዳለች፤ እርሳው!» ይለዋል። ጫጩቱ ይብስበታል።

እናቱ ግን ጎኗ እየተፋቀ አብራው ትገባና ክንፏን ታለብሰዋለች። «አይዞህ የኔ ልጅ፣ ጠጋ በል። ሲበቃህ አብረን ወጥተን እናየዋለን» ትለዋለች። ሲወጡ ያስፈራው ጥላ የቢራቢሮ ሆኖ ያገኙታል፤ ይስቃሉ። እያደር ጫጩቱ ራሱ አንገቱን አስግጎ ማየት ለመደ።

አንድ ቀን ጭልፊቷ የእውነት መጣች። ጫጩቱ ቀድሞ አይቷት ጮኸ፤ ሁሉም ሮጠው እንቅቡ ስር ገቡ። አንደኛ የገባው አውራ ዶሮው ነበር። ጭልፊቷ ባዶ ጥፍሯን ተመለሰች። ሁሉም ሲወጡ አውራ ዶሮው ግን እየተንቀጠቀጠ እዚያው ቀረ።

ጫጩቱ ተመልሶ ገባና ትንሿን ክንፉን አለበሰው። «አይዞህ አባዬ፣ ጠጋ በል። ሲበቃህ አብረን ወጥተን እናየዋለን።»

ተረቴን መልሱ፤ እንቅቡን ግን ገና አታንሱ፣ አውራ ዶሮው አልበቃውም።