አልበራም ያለው የእማማ የሺመቤት ቴሌቪዥን

ተረት አለኝ፤ ብትሰሙኝ ለእናንተ፣ ባትሰሙኝ ለግድግዳው።

እማማ የሺመቤት የሚባሉ ጎረቤት አሉኝ። በሳሎናቸው ጥግ አንድ ባለ እግር የእንጨት ቴሌቪዥን ቆሟል። በሰፈራችን የመጀመሪያው እሱ ነበር፤ ዛሬ የአበባ ማስቀመጫ ይሸከማል። ልጃቸው ምንትዋብ፣ "ቅዳሜ ፍሪጅ ይመጣል፤ እዚህ ነው የሚቆመው፤ ይሄን ቆራሌው ይውሰደው" አለች።

"ባሌ ያመጣው ዕቃ ነው" አሉ እማማ። "አንዴ ሲበራ ካላየሁት አልሰጥም።"

"እኔ አለሁልዎት!" አልኩ። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ፤ ቴሌቪዥን ከመዝገብ በምን ይከብዳል?

ጀርባውን ፈታሁት። ውስጡ ትንንሽ አምፖል የሚመስሉ ቫልቮላዎች ተደርድረዋል፤ አቧራ ለብሰዋል። የፋኖስ ብርጭቆ በምን እንደሚጸዳ የማያውቅ የለም፤ በአመድና በሎሚ ፈተግኳቸው። ትልቋ እጄ ላይ እንክትክት አለች። ለእውቀት የተከፈለ መስዋዕትነት ነው ብዬ ተጽናናሁ። ቴሌቪዥኑ ግን፣ ቫልቮላ ካላገኘሁ አልበራም አለ።

ድሮ ሬዲዮ ይጠግኑ ወደነበሩት ወደ ጋሽ ቦጋለ ሄድኩ።

"ጋሽ ቦጋለ፣ ቫልቮላ ይስጡኝ። ቴሌቪዥኑ ቫልቮላ ካላገኘሁ አልበራም አለ፤ እማማ ሲበራ ካላየሁት አልሰጥም አሉ።"

"በምን ሰበርካት፣ ሸዋረጋ?"

"በማጽዳት።"

"ጎሽ! ንጽሕናህን እግዜር ይይልህ። አምሳያዋ እዚያ ቆጥ ላይ፣ ካርቶን ውስጥ አለች። ቆጡ ሩቅ ነው፤ መሰላል ካላመጣህ ካርቶኔን አላስነካም።"

መሰላል ያለው እድሩ ግቢ ነው፤ የግቢው ቁልፍ ደግሞ የንብረት ክፍሏ የወይዘሮ ጠጂቱ አንገት ላይ።

"ወይዘሮ ጠጂቱ፣ መሰላል ያውሱኝ። ጋሽ ቦጋለ መሰላል ካላመጣህ ካርቶኔን አላስነካም አሉ፤ ቴሌቪዥኑ ቫልቮላ ካላገኘሁ አልበራም አለ፤ እማማ ሲበራ ካላየሁት አልሰጥም አሉ።"

"ለመሆኑ ማን ሞተ?"

"ቴሌቪዥኑ።"

"እድሩ ላይ ተመዝግቧል?"

"አይ፣ አልተመዘገበም።"

"እንግዲያው ዳኛው ካልፈረሙ መሰላል አላወጣም።"

የእድሩ ዳኛ አቶ ደምሰው ናቸው፤ ስልሳን የተሻገሩ፣ ማኅተማቸውን ከትራሳቸው ሥር አድርገው የሚተኙ ሰው።

"አቶ ደምሰው፣ ይፈርሙልኝ። ወይዘሮ ጠጂቱ ዳኛው ካልፈረሙ መሰላል አላወጣም አሉ፤ ጋሽ ቦጋለ መሰላል ካላመጣህ ካርቶኔን አላስነካም አሉ፤ ቴሌቪዥኑ ቫልቮላ ካላገኘሁ አልበራም አለ፤ እማማ ሲበራ ካላየሁት አልሰጥም አሉ።"

ብዕራቸውን አነሱ። "የትኛዋ እማማ?"

"የሺመቤት።"

ብዕሩን አስቀመጡት። "ስምንት ዓመቴ ነበር። የሰፈር ልጅ ሁሉ ያንን ቴሌቪዥን በመስኮታቸው ነበር የሚያየው። አንድ ቀን ኳስ እያየን ድው አድርገው አፍንጫዬ ላይ ዘጉት! ከዚያ ወዲህ ደጃቸውን ረግጬ አላውቅም። ለባላቸው ለቅሶ እንኳ ከድንኳኑ አላለፍኩም። ራሳቸው ግባ ካላሉኝ አልፈርምም።"

ዓርብ ከሰዓት እማማ ዘንድ ተመለስኩ።

"እማማ፣ አቶ ደምሰው ግባ ካላሉኝ አልፈርምም አሉ፤ ወይዘሮ ጠጂቱ ዳኛው ካልፈረሙ መሰላል አላወጣም አሉ፤ ጋሽ ቦጋለ መሰላል ካላመጣህ ካርቶኔን አላስነካም አሉ፤ ቴሌቪዥኑ ቫልቮላ ካላገኘሁ አልበራም አለ፤ እርስዎም ሲበራ ካላየሁት አልሰጥም አሉ። እኔ ምን ልበል?"

እማማ ግን የሰሙት መጀመሪያውን ብቻ ነበር። "ያ ዓይነ ትልቁ ልጅ? አፈር በበላሁ! ምንትዋብ ያን ቀን በኩፍኝ ትነድ ነበር፤ ነፋስ እንዳይመታት ብዬ ነው የዘጋሁት።"

ምንትዋብ ይህን ሰምታ ከጓዳ ብቅ አለች።

እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው እስከ ዳኛው ደጅ ሄዱ። "አንተ ደምሰው! ና ግባ፣ ልጄ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ያኔ ደምሰው ፈረሙ፤ ጠጂቱ መሰላሉን አወጡ፤ እኔ ቆጥ ላይ ወጣሁ፤ ቦጋለ ከካርቶናቸው ቫልቮላዋን መረጡ። ሊገጥሟትም ራሳቸው መጡ፤ እኔን እጄን ወደ ኋላ አድርጌ በር ላይ እንድቆም አዘዙኝ። በሙሉ ልብ ታዘዝኩ።

ቴሌቪዥኑ አጉረመረመ፤ ቀላ፤ በራ! ሰው የለበት፣ ወሬ የለበት፣ ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ሽሽሽ ይላል። እንደዚህ ያለ የሚያጽናና ፕሮግራም አይቼ አላውቅም።

"ተመስገን" አሉ እማማ፤ እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። "በሉ አሁን ቆራሌው ይውሰደው፤ ቃሌ ቃል ነው።"

ዳኛው ወንበር ሞልቶ ሳለ እንደ ልጅ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቀና ብለው ምንትዋብን አዩአት። እሷ የእናቷን ትከሻ ይዛ ቆማለች።

"ፍሪጁ ኮሪደር ላይ ይቆማል" አለች።

ተረቴ እዚህ ላይ ደከመው። ለሰማኝ ምስጋና፤ መሰላል ላዋሰኝ እጥፍ ምስጋና።