ትርንጎ የገመደችው መንገድ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። እዚያ ጥግ የምትንሾካሾኩት፣ መጀመሪያ ወሬያችሁን ጨርሱ። ጨረሳችሁ? እሰይ። እንግዲህ ስሙኝ።

የአያቴ አያት ገና ጥርስ ሳያበቅሉ፣ ይህ ራቁቱን የቀረ ተራራ በጫካ ተሸፍኖ በነበረበት ዘመን፣ ቀጨሞ በምትባል የገደል አፋፍ መንደር ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። መሬት የላት፣ ከብት የላት፣ ባል የላት። ዐይኖቿን በሕፃንነቷ ፈንጣጣ ወስዶባታል። እናቷ እጇን ይዛ ታወጣታለች፣ እጇን ይዛ ታስገባታለች። አንድ ቀን እናቷ ሞተች።

ወንድሟ ቸኮል ከሚኖርበት ከማዶ መንደር መጣ። ቸኮል ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዳትታዘቡት። እህቱን እንደ ነፍሱ ነው የሚወዳት። ግን የቀጨሞ ምንጭ ከገደሉ ሥር ነው። መንገዱም በገደሉ አፍ ላይ ያልፋል። ዝናብ የዘነበ እንደሆነ ዐይናማው እንኳ በቂጡ እየተንሸራተተ ነው የሚወርደው። በዚያን ጊዜ ደግሞ የዐይነ ስውር ቦታው አንድ ብቻ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ደጅ። እዚያ ቁጭ ብሎ መለመን ነው፣ በቃ።

«እቴ፣» አላት ቸኮል፣ «በቅሎ አምጥቻለሁ። ደጀ ሰላም ላድርስሽ። እዚህ ብቻሽን ብተውሽ ገደል ትገቢብኛለሽ።»

«አልሄድም፣» አለች። «የራሴን ውኃ ቀድቼ ወደ ራሴ ቤት መግባት ነው የምፈልገው። መስከረም እስኪጠባ ታገሠኝ። ካቃተኝ ያኔ ውሰደኝ።»

ምን ያድርግ? እሺ ብሎ ሄደ።

ትርንጎ ከጎረቤት ቃጫ ለመነች። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ በጭኗ ላይ ገመደች። ዝናቡ ዘነበ፣ እሷ ገመደች። በረዶው ወረደ፣ እሷ ገመደች። ሰዉ «ምስኪን፣ ሐዘኑ ነው ያዞራት» አለ። ገመዱ ሲረዝም አንዱን ጫፍ ከበሯ መቃን አሰረችው። ከዚያ እየዳሰሰች፣ እየዳኸች፣ ከዛፍ ወደ ዛፍ እየወጠረች እስከ ምንጩ አደረሰችው። አሁን ልብ በሉ! መንገዱ በሚታጠፍበት ቦታ ገመዱን ቋጠረችው። ሜዳ በሆነበት የበግ ሱፍ አሰረችበት። ገደሉ በሚቀርብበት ደግሞ የፍየል አጥንት አሰረችበት። እጇ አጥንቱን ሲነካ ትቆማለች፣ ወደ ተራራው ትጠጋለች፣ ታልፋለች። በጣት የሚነበብ መንገድ ሠራች እኮ! ማን አስተማራት? ማንም።

መስከረም ጠባ። ቸኮል በቅሎውን እየሳበ መጣ። ትርንጎ እንስራዋን አዝላ ገመዱን ይዛ ወረደች። መንደሩ በሙሉ አፉን በእጁ ይዞ ቆመ። ወረደች፣ ቀዳች፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጣች። ከገዛ ደጃፏ ስትደርስ ደፉ አደናቀፋትና እንስራው ተሰበረ። ሰዉ «ውይ!» አለ። እሷ ግን ሳቀች። «ገደሉን ስፈራ የራሴን ደፍ ረሳሁት!» አለችና የጎረቤት እንስራ ተውሳ ተመልሳ ወረደች። አሁን ውኃው ቤት ገባ። ቸኮል በቅሎውን ባዶዋን ይዞ ተመለሰ። መንገዱን ሁሉ በደስታ ሲያለቅስ ነው የሄደው አሉ።

ይህ አንድ ነው። ቀጥሎ የመጣው ይብሳል።

የቀጨሞ ጭቃ ሹም ደምለው የሚባል ቁጡ ሰው ነበር። ላሙ በድንገት ሞተችበት። እንግዲህ አስቡት፤ መንገድ ላይ የተዘረጋ ገመድ፣ በላዩ ቋጠሮ፣ በላዩ አጥንት፣ በላዩ ሱፍ። ሰው ምን ይበል? «ድግምት ነው!» አለ። ደምለው ማጭዱን አነሳ። ትርንጎ ምንጭ ወርዳ ሳለ ገመዱን ከላይ ቆረጠው።

ገመዱ በእጇ ላይ ላላ። ሳበችው፤ ዝም ብሎ መጣላት። ተጣራች። የመለሰላት የለም። ሰዉ አፋፉ ላይ ቆሞ ያያታል እኮ! ቋጠሮውን ፈርቶ አንድም ሰው አልወረደም። ይህን ስናገር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ትርንጎ እንስራዋን ምንጩ ዳር አስቀመጠች። ነፋስ የሚመጣው ከገደሉ በኩል ነው። ነፋሱን በግራ ጉንጯ እያዳመጠች፣ በመዳፏ እየዳሰሰች፣ በጉልበቷ እየዳኸች ወጣች። ድንጋይ ከሥሯ ተንሸራቶ ገደል ገባ፤ እሷ ወጣች። ጉልበቷ ደማ፤ እሷ ወጣች። አፋፉ ላይ ስትደርስ ሰዉ ሸሽቶ መንገድ ለቀቀላት።

በማግሥቱ ሸንጎ ተቀመጠ። ደምለው «ቋጠሮዋ ላሜን ገደላት» አለ።

«ጌታዬ፣» አለች ትርንጎ፣ «አጥንቱ ገደሉን ይነግረኛል። ሱፉ ሜዳውን ይነግረኛል። ሌላ ነገር የለውም። ካላመኑኝ ገመዱን እቀጥለዋለሁ፣ ዐይንዎን ሸፍነው ይሂዱበት።»

ደምለው እምቢ አለ። የእህቱን ክስ ሰምቶ ከማዶ የመጣው ቸኮል ግን ከሰዉ መሐል ተነሣ። ገመዱ ተቀጠለ። ቸኮል ዐይኑን በነጠላው ጠፍሮ ወረደ። ገደሉ አፍ ላይ ሲደርስ አንድ እግሩን አነሣ። ሴቶቹ ጮኹ። እጁ አጥንቱን ነካ። እግሩን ቀስ አድርጎ መለሰ፣ ወደ ተራራው ተጠጋ፣ አለፈ። ሽማግሌዎቹ ቆባቸውን አወለቁ። «ይህ ገመድ አይነካ» ብለው ፈረዱ። ደምለው ከዚያ ወዲያ ትርንጎን ሰላም ብሏት አያውቅም።

ዓመታት አለፉ። ፈንጣጣ ተመልሶ መጣ። ብዙ ሕፃናት ተቀብረዋል ይላሉ የድሮ ሰዎች። ከተረፉትም ዐይናቸው የጠፋ ነበሩ። ከነዚያ አንዷ ስንዱ ነበረች፣ የደምለው ልጅ። ያቺ ስትሮጥ የምትውል ልጅ ከምድጃው ጥግ አልነሣም አለች። ዘመዶቹ «ከፍ ስትል ደጀ ሰላም ትቀመጣለች» አሉ። ደምለውን እህል አስጠላው።

አንድ ጠዋት ከትርንጎ አጥር ሥር መጥቶ ቆመ። ትርንጎ ኮቴውን ሰማች።

«ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ ትርንጎ። ደምለው ነኝ። ልጄን አድኚልኝ።»

እኔ ብሆን ምን እንደምለው አውቃለሁ። እሷ ግን «ቤትዎ ከምንጩ ሩቅ ነው» አለችው። «ያን ያህል ገመድ ብቻዬን አልችልም። እንግዲህ እርስዎም ጭንዎን ያዘጋጁ።»

ጭቃ ሹሙ በአደባባይ ሱሪውን ሰብስቦ ተቀመጠ፣ ገመደ። ቆዳው ተላጠ፣ ገመደ። ሰዉ ይህን አይቶ ቤቱ ሊቀመጥ ነው? እያንዳንዱ ቤት ገመደ። ገመዱ ከየልጆቹ ደጃፍ ወደ ምንጩ፣ ወደ ገበያው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘረጋ። ትርንጎ የስንዱን ጣት በአጥንቱ ላይ፣ በሱፉ ላይ፣ በቋጠሮው ላይ እያስኬደች አስተማረቻት። ቀኑ ሲደርስ ደምለው የልጁን እጅ አልለቅም አለ።

«ጌታዬ፣ ይልቀቋት፣» አለች ትርንጎ።

ለቀቃት። ስንዱ አንድ እጇን በገመዱ፣ አንድ እጇን በትንሿ ቅሏ ላይ አድርጋ ወረደች። ደምለው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆመ፤ ማየት አልቻለም። ኋላ ከበስተጀርባው «አባዬ፣ ጠጣ» የሚል ድምፅ ሰማ። ዞረ። ቅሏ ሞልታለች።

ዛሬም በዚያ አገር ዐይነ ስውር ልጅ ሲወለድ ጎረቤት ሊያለቅስ አይመጣም። በጭኑ የገመደውን ገመድ ይዞ ይመጣል፣ አባትየው ሁሉንም ይቀጥለዋል። ስለ ልጁም ሲጠየቅ «ማን ይመራዋል?» ማለት ነውር ነው። «ገመዱ የት ደረሰ?» ነው የሚባለው።

የእንጉዳይን ልጅ ታውቁታላችሁ። ከተማ ገብቶ በነጥብ የተጻፈ መጽሐፍ በጣቱ ማንበብ ተማረ፣ ሕግ አጠና፣ ጠበቃ ሆነ። ስልኩ እያነበበለት ነው ጉዳዩን የሚሠራው። ቅዳሜ ገበያ ላይ እናቱን አገኘኋት።

«እንጉዳይ፣ ገመዱ የት ደረሰ?» አልኳት።

ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፣ ሳቋ ግን አመለጣት። «ኧረ ተወኝ ወንድሜ! ስሙን እንኳ መጥራት የማልችለው አገር ደርሷል!»