አፉን የዘጋው አጋፋሪ

ተረት ተረት ብያለሁ፤ ጆሮ ያለው ይጠጋ።

አንድ ውሻ ነበር። አንበሳ የግቢው አጋፋሪ አድርጎ በሾመው ማግስት ኩራት ቅጥ አሳጣው። በቀትር ፀሐይ ንጉሡን ሊቀበል በር ላይ ሲቆም አፉን ግጥም አድርጎ ዘጋ።

ላቧ የሚንጠባጠብ በቅሎ አዘነችለት። «ጌታው፣ ምላስዎን ያውጡ እንጂ! የእኔ ሙቀት በላቤ ይወጣል፤ የእርስዎ በአፍዎ ካልሆነ በየት ይወጣል?»

«ማለክለክ የመንደር ውሻ ሥራ ነው» አላት ጥርሱን ነክሶ። «ሹም በንጉሥ ፊት ምላሱን ሲያንጠለጥል የት አይተሻል?»

ዝንጀሮ ከጎኑ ሆኖ «እንዴት ያለ ግርማ ነው! ፀሐይዋ እንኳ ፈርታዎታለች» አለው። ውሻ ይህን ሲሰማ መንጋጋውን ይበልጥ አጠበቀ። ዓይኑ ቀላ፣ ሆዱ ውስጥ እሳት የነደደ መሰለው፤ አፉን ግን አልከፈተም። በመጨረሻ በቆመበት ተዘረረ።

በቅሎ ውኃ ልታመጣ ሮጠች። ውሻ በፈዘዘ ዓይኑ ቀና ሲል አንበሳ ከነአጀቡ ደርሷል፤ ምላሱን ጎልጉሎ ያለከልካል።

«በዚህ ሐሩር አፉን የዘጋው ምን ነክቶት ነው?» አለ ንጉሡ።

«ጅል ስለሆነ ነው፣ ጌታዬ!» አለ ዝንጀሮ፣ የራሱን ምላስ ጎትቶ እያወጣ።